የድሮ የፈረስ ጋጣ ግድግዳ፦ ችግርና መፍትሄ

በእንግሊዝ ገጠር፣ ከመኳንንት ቤት አጠገብ የተሠሩ የፈረስ ጋጣዎች ተራ በረት አይደሉም። አርክቴክቱ ጄምስ ፔይን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነደፈው፣ ቻትስወርዝ የተባለው የመኳንንት ቤት ጋጣ 80 ፈረስ ይይዝ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ምግብ ቤትና ሱቅ ሆነዋል፤ ጣጣውም የሚመጣው ያኔ ነው።

ምልክት፦ ግድግዳው ከወለል እስከ ወገብ ድረስ ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ጭጋግ ሲሆን ይረጥባል፣ አየሩ ሲደርቅ ይደርቃል። የሚያፈስ ቧንቧ ግን የለም።

መንስኤ፦ ለዘመናት የሰረገው የፈረስ ሽንት በጡቡ ውስጥ ናይትሬት ጨው ትቷል፤ ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። የእርጥበት መለኪያውም በጨው ይሳሳታል። ቁጥሩን አሳይቶ «ውሃ ከመሬት እየወጣ ነው» በማለት ግድግዳው ውስጥ የሚወጋ ኬሚካል የሚሸጥላችሁ አይጠፋም። አትግዙት፤ ኬሚካሉ ጨውን አያወጣም።

መፍትሄ፦ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ጠርጋችሁ ከቤት አውጡ። በውሃ ካጠባችሁት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ በኖራና በአሸዋ ለስኑ። ጨው ወደ ልስኑ ይወጣል፣ ከዓመታት በኋላ ልስኑ ይረግፋል፣ ፍቆ እንደገና መለሰን ነው። ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ግን ልስኑ ካልረገፈ የሚረግፈው ጡቡ ነው።

ምልክት፦ የድንጋዩ ፊት ይቀረፋል፣ መጋጠሚያው ግን አልተነካም።

መንስኤ፦ መጋጠሚያው የተሞላበት ሲሚንቶ። የፖርትላንድ ሲሚንቶ ፓተንት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1824 ስለሆነ፣ ከዚያ በቀደመ ጋጣ ላይ ካገኛችሁት በኋላ የመጣ ጠጋኝ ሥራ ነው። ውሃው በመጋጠሚያው መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ ይወጣል፤ ውርጩ ደግሞ ይሰነጥቀዋል።

መፍትሄ፦ ሲሚንቶውን በመዶሻና በመሮ በእጅ አውጡ፤ ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። በኖራ ሙሉት፣ ከ5 ዲግሪ በታች ግን አትሥሩ። ጎንደር ፋሲል ግቢም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የተጠቀሙበት ሲሚንቶ በኋላ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል።

ምልክት፦ የድርቆሽ ሰገነቱ ወለል ይዘቀዝቃል፣ ሻጋታ ይሸታል።

መንስኤው ብዙውን ጊዜ የተዘጋ አሸንዳና የተደፈነ የአየር ቀዳዳ ነው። ግድግዳ ውስጥ የገባው የወራጅ ጫፍ ይበሰብሳል። ቀዳዳውን ክፈቱ፣ አሸንዳውን ጥረጉ፣ የበሰበሰውን ጫፍ ብቻ ቆርጣችሁ በተመሳሳይ እንጨት ቀጥሉ። ግርግሙን ወይም የጋጣውን መከፋፈያ ከመንቀላችሁ በፊት ግን ሕንፃው በቅርስነት መመዝገቡን አጣሩ፤ ከተመዘገበ ያለ ፈቃድ መንቀል በእንግሊዝ ወንጀል ነው።