ጎታች ጀልባ ላይ ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ ገመዱን እዩ

ትንሽ ጎታች ጀልባ ላይ አዲስ የሚቀጠር ሰው ሁሉ ቶሎ ሞተሩን ማየት ይፈልጋል። አልፈርድበትም፣ ሞተሩ ደስ ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ይዤው የምሄደው ወደ ገመዱ ነው። ዴክ፣ ማለትም የጀልባዋ የላይ ወለል፣ ላይ የሚደርሰው አደጋ አብዛኛው የሚመጣው በገመዱ በኩል ነውና።

ሥራው እንዲህ ነው። ትልቅ መርከብ ፍጥነቱ ሲቀንስ መሪው ላይ የሚያልፈው ውኃ ያንሳል፤ እንደ ልቡ መታጠፍ ያቅተዋል። ኮንቴይነር የተቆለለበትን ጎኑን ደግሞ ነፋስ እንደ ሸራ ይገፋዋል። ያኔ እኛ እንጠራለን። አንዷ ጀልባ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ይዛ ትጎትታለች፣ ትገፋለች፣ ሲያስፈልግም ፍሬን ትሆነዋለች። ትንንሾቹ ባርጆችንም፣ ማለትም ሞተር የሌላቸውን ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች፣ ያዛውራሉ። ይህ የቆየ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1803 ስኮትላንድ ውስጥ ሻርሎት ዳንዳስ የተባለች የእንፋሎት ጀልባ ሁለት ባርጆችን በቦይ ላይ ጎትታለች።

ጀልባችሁ ስንት ቶን እንደምትጎትት ጠይቁ። ይህ የሚለካው ገመዷ የብስ ላይ ካለ ምሰሶ ጋር ታስሮ፣ ባለችበት ቆማ ሙሉ ኃይሏን ስትሰጥ ነው። ገመዱም፣ ገመዱ ጀልባዋ ላይ የሚያያዝበት መንጠቆም ከዚያ በላይ መቻል አለባቸው።

መርከቡ ከመድረሱ በፊት ገመዱን ከጫፉ ጀምራችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። የተፋቀ፣ ሙቀት አቅልጦ ያጠነከረው ወይም የቀጠነ ቦታ ካገኛችሁ ለካፒቴኑ ንገሩ። «ለዛሬ ይበቃል» የሚባል ነገር የለም። ቀጥሎ ገመዱን በአደጋ ጊዜ የሚለቀውን መሣሪያ ሞክሩት፤ ከካፒቴኑ ክፍልም ከመንጠቆውም አጠገብ እንዴት እንደሚሠራ እወቁ። ከዚያ በሮቹን ሁሉ ዝጉ። የሞተር ክፍሉ ሙቀት ስለሚያስጨንቅ ብዙ ሰው በሩን ከፍቶ ይተወዋል። የእኛ ዴክ ግን ለውኃው ቅርብ ነው። ጀልባዋ ካዘነበለች ውኃ የሚገባው በዚያ በር ነው። ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ ዴክ ላይ አትውጡ።

ወደ መርከቡ ስትጠጉ በሁለቱ አካላት መካከል ያለው ውኃ ጀልባዋን ይስባታል፣ ይገፋታል። የመርከቡ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከሁሉም የሚከፋው የመርከቡ አፍንጫ አካባቢ ነው። ካፒቴናችሁ በሬዲዮ «ፍጥነት ቀንሱልኝ» ሲል ምክንያቱ ይህ ነው።

ከመርከቡ ላይ ጫፉ ክብደት ያለው ቀጭን ገመድ ይወረውሩላችኋል። በአየር ላይ ልያዘው አትበሉ። ዞር በሉለት፣ ዴክ ላይ ሲያርፍ አንሱት፣ ከእናንተ ገመድ ጋር እሰሩትና ወደ ላይ ይሳቡት። እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት። እግራችሁን ከገመድ ቀለበት ውስጥ አታስገቡ። የገመዱ ዓይን (ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት) መርከቡ ላይ ካለው ምሰሶ መግባቱን በዓይናችሁ አይታችሁ «ታስሯል» በሉ፤ ከዚያ ዴክን ለቃችሁ ግቡ። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ተመልሶ ይገርፋል፣ ሰውም ይገድላል። በምሰሶ ዙሪያ ከዞረ ደግሞ የት እንደሚመታ መገመት ይከብዳል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ገመዱ ወዴት ነው የሚስበን? ፕሮፔለሯ (ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚገፋት) ኋላ፣ መንጠቆዋ መሐል አካባቢ በሆነች ጀልባ ላይ ገመዱ ወደ ኋላ ሲያመራ ሥራው ጤናማ ነው። መርከቡ ፈጥኖ ካለፋትና ገመዱ ወደ ጎን ከዞረ ግን በጎኗ እየጎተተ ያዘነብላታል። በሰከንዶች ውስጥ ልትገለበጥ ትችላለች። ይህን ለመከላከል ዋናውን ገመድ ወደ ጀልባዋ ኋላ ዝቅ አድርጎ የሚይዝ አጭር ገመድ ይታሰራል፤ ስበቱ ከኋላ ሲመጣ ጀልባዋ ትዞራለች እንጂ በጎኗ አትጎተትም። ፕሮፔለሮቻቸው ዙሪያውን የሚሽከረከሩ አዳዲስ ጀልባዎች ከዚህ ለማምለጥ ይቀላቸዋል፤ ቢሆንም ገመዱን ማየት አይቀርላችሁም። ገመዱ ወደ ጎን ሲሄድ ካያችሁ ጮኻችሁ ተናገሩ። ካፒቴኑ «ልቀቅ!» ካለ ለምን ብላችሁ አትጠይቁ።

መግፋት ይቀላል። ብዙ መርከቦች ጎናቸው ላይ የት መግፋት እንደሚቻል የሚያሳይ ምልክት ተቀብቶባቸዋል፤ እዚያ ጋ ብረቱ የተጠናከረ ነው። የጀልባዋ መከላከያ ጎማ በቀስታ ይረፍ፣ ከዚያ ኃይል ይጨመር።

ሥራው ሲያልቅ ሰው ይዘናጋል። የመርከቡ ሠራተኞች ገመዱን ድንገት ከጣሉት ውኃ ውስጥ ገብቶ ፕሮፔለራችሁ ላይ ይጠመጠማል፤ ሞተር የሌላት ጀልባ ደግሞ ከሚንቀሳቀስ መርከብ አጠገብ ትቀራለች። በቀስታ እንዲያወርዱት በእጅ ምልክት ስጧቸው፣ እናንተም እኩል እየሰበሰባችሁ ተቀበሉ። የመጨረሻው ጫፍ ዴክ ላይ ሲያርፍ ለካፒቴኑ «ገመድ ገብቷል» በሉት። ያን ሳይሰማ ሞተር መጨመር የለበትም።