ሺአ በተር ደሴ ላይ እና ኮምቦልቻ ላይ አጠቃቀሙ አንድ አይደለም

የደሴ ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ታጥባችሁ ሳትጨርሱ እጅና ቅልጥም ነጭ ነጭ ማለት ይጀምራል፣ እና ሰሞኑን ሁሉም ሺአ በተር (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅባት) ግዙ ግዙ እያለ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሚቀባበትን ቦታ መለየት ያስፈልጋል።

ሺአ ለቆዳ ውሃ አይሰጥም፣ ያለው ውሃ እንዳይተን ነው የሚይዘው። ስለዚህ ደረቅ ቆዳ ላይ ብትለቀለቁት ላዩን ያብለጨልጫል እንጂ ድርቀቱ አይለቅም። ከሻወር ስትወጡ በፎጣ ሙልጭ አድርጋችሁ አታድርቁ፣ ገና እርጥብ እያላችሁ የሽምብራ ፍሬ የምታህል በማንኪያ ጫፍ ፋቅ አድርጉና በሁለት መዳፋችሁ እሹት፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ሻማ ድርቅ ብሎ ትንሽ ይታገላችኋል ግን ከ32 እስከ 38 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ የእጅ ሙቀት ይበቃዋል አብሽሩ። ዘይት ሲሆን ክርን፣ እጅ፣ ጉልበት ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ተረከዙ ለተሰነጣጠቀ ሰው ደግሞ ማታ እግሩን ታጥቦ፣ ወፈር አድርጎ ቀብቶ፣ ካልሲ አጥልቆ መተኛት ነው።

ፊት ላይ ግን ቀስ በሉ። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ሙቀቱ ራሱ ወዝ እያስወጣችሁ ሌላ ቅባት ምን ይሰራላችኋል? ብጉር ለሚያስቸግረው ሰው እኔ አልመክርም፣ ፊታችሁ ደረቅ ከሆነ ግን ማታ ብቻ በጣም ትንሽ። ኮኮዋ በተር (የካካዎ ቅባት) ደግሞ ከሺአ ይበልጥ የቆዳ ቀዳዳ ይደፍናል፣ እሱን ለሰውነት ተውት። ፎሮፎር ያለበት ሰው የራስ ቆዳው ላይ አይቀባ፣ ፎሮፎር የሚያመጣው ፈንገስ ቅባት ነው የሚመገበው፣ የጸጉር ጫፍ ላይ ከሆነ ችግር የለውም።

ሺአ ማድያት ያጠፋል የሚሉትንም አትስሙ። ሰንስክሪንም (የጸሀይ መከላከያ) አይሆንም፣ ደሴ ብርድ ስለሆነች ጸሀይዋ የማትጎዳ ይመስላል እንጂ ከፍታ ላይ ጨረሩ ይብሳል።

ስትገዙ፣ ያልተጣራው ወደ ክሬም የሚያደላ ቀለምና ጭስ ጭስ የሚል ሽታ አለው፣ የተጣራው ነጭ ነው ሽታም የለውም። ሽታውን ካልቻላችሁት የተጣራውን ውሰዱ፣ ለማለስለስ እሱም ይሰራል። በነገራችን ላይ ዛፉ የምዕራብ አፍሪካ ብቻ አይደለም፣ እኛም ጋምቤላ ውስጥ ይበቅላል። መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ቀብታችሁ እስከ 2 ቀን እዩት፣ ካሳከካችሁ ወይ ሽፍታ ካወጣ ይቅርባችሁ።

ኮምቦልቻ ሺአው ቀን ሙቀት ላይ ቆይቶ ከቀለጠ ማታ ቀስ ብሎ ሲረጋ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት። ብልቃጡን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ሙሉ በሙሉ አቅልጡትና ወዲያው ፍሪጅ ክተቱት፣ ይለሰልሳል። የሚጣለው ሲከረፋ ነው።

ብር ካጠረ ደግሞ ተራው ቫዝሊን አለላችሁ፣ ውሃ በመያዝ እንደውም ሺአን ይበልጠዋል፣ እሱንም እርጥብ ቆዳ ላይ ነው።