ከማዳበሪያ፣ ከባነርና ከጎማ ቦርሳ ስትሰፉ፦ ችግሩ የሲንጀሩ ነው ወይስ የዕቃው?

አሮጌ ዕቃ ቦርሳ አድርጎ መስፋት የጀመረ ሰው፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሥራው ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚወቅሰው ሲንጀሩን ነው። ሲንጀሩ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ለቀሚስ በተገጠመ መርፌ የማስታወቂያ ባነር ስፋ ተብሎ ነው የተቸገረው። ጠጋኝ ከመጥራታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ስፌቱ ይዘላል

መርፌው ደንዟል፣ ቀጥኗል ወይም ዞሮ ገብቷል። ለባነርና ለድርብ ጂንስ 16 ቁጥር፣ ለወፍራም ቆዳና ጎማ 18 ቁጥር ተጠቀሙ። የቤት ሲንጀር መርፌ አናቱ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ነው፤ አሮጌውን ከማውጣታችሁ በፊት ጠፍጣፋው ወዴት እንደዞረ አስተውሉ።

ክሩ ከሥር ይቋጠራል

ሁሉም የታችኛውን ክር መነካካት ይጀምራል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነው፤ ክሩ መወጠሪያው መሃል አልገባም። የሲንጀሩን እግር ከፍ አድርጋችሁ ክሩን እንደገና አስገቡት። እግሩን ዝቅ አድርጋችሁ ስትስቡት ያዝ ካደረገ ተስተካክሏል።

ባነሩ ከእግሩ ሥር አይሄድም

ፕላስቲኩ ብረቱን ይዞ ስለሚቀር ስፌቱ አንድ ቦታ ይከመራል። ከላይ ስስ ወረቀት አንጥፋችሁ ስፉና ወረቀቱን ቀድዳችሁ አንሱ። የስፌቱን ርዝመት ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር አድርጉት። ስፌት ሲደጋገም ይጠነክራል የሚባለው ለጨርቅ ነው፤ ባነርና ቆዳ ላይ የተቀራረበ ቀዳዳ ዕቃውን እንደ ቴምብር ጠርዝ ያስቀድደዋል። የተወጋ ባነር ደግሞ ቀዳዳው አይደፈንም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩ።

ማንገቻው ከነሥሩ ይነቀላል

ሰኞ ገበያ ድንችና ሽንኩርት ለሚሸከም ቦርሳ ዋናው ፈተና ይህ ነው። ክሩ አልተበጠሰም፤ የማዳበሪያው ሽመና ነው ከተቆረጠው ጠርዝ በኩል ተንሸራቶ የወጣው። ጠርዙን አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ከሻማ ነበልባል ትንሽ አርቃችሁ ፈጠን ብላችሁ አሳልፉት። ዕቃው በ160 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ነበልባሉ ላይ አታቆዩት፤ ካውያም በቀጥታ አታሳርፉበት። ከዚያ ጠርዙን ሁለት ጊዜ እጠፉ። ማንገቻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከውስጥ የሰልቫጅ ጂንስ ቁራጭ ደርቡ፤ የማንገቻውን ጫፍ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች አውርዳችሁ በአራት ማዕዘን ስፉት፣ መሃሉንም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አቋርጣችሁ ስፉት። ቆዳ ፋብሪካ ባለባት ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የቆዳ ቁርጥራጭ ካገኛችሁ ከጂንስ ይሻላል። ማዳበሪያው በእጅ ሲጨበጥ የሚንኮሻኮሽና የሚፈረፈር ከሆነ ግን ፀሐይ በልቶታል፤ መፍትሄ የለውም፣ ጣሉት።

ዚፑ ይዝጋል

ማዳበሪያው ውስጥ የቀረ ዩሪያ እርጥበት ስለሚስብ የብረት ዚፕ ያዝጋል። ማዳበሪያውን ገልብጣችሁ በብዙ ውኃ እጠቡ፣ ዚፑንም ፕላስቲክ አድርጉት። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ከረጢት ግን ቢታጠብም እንዳትነኩት።

ማስቲሹ አልያዝ ይላል

ሁለቱንም ፊት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጣት ሲነካው እስከማይለጠፍ ጠብቁ፣ ከዚያ አጋጥማችሁ በደንብ ተጫኑ። ስንት ደቂቃ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ የመኪና መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ብርዱ አይገናኝም። ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ቶሎ የደረቀው ማስቲሽ ደሴ በክረምት ያስጠብቃል። የምታምኑት ጣታችሁን እንጂ ሰዓት አይደለም። የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ሻክር አድርጉት፣ አቧራውን ጥረጉት።

የኪስ ቦርሳው አይታጠፍም፣ ካርዱም አይገባም

የባንክ ካርድ 8.6 በ5.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ቆዳ ሲለመድ ይሰፋል፣ ባነር ግን አይሰፋም፤ ስለዚህ ከስፌት እስከ ስፌት 9.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስጡት። ኪሶቹን ሁሉ በባነር ከደራረባችሁ ጠርዙ ይወፍርና ሲንጀሩም አይበሳውም። ከላይ የሚታየውን ብቻ ከባነር፣ የተደበቀውን ከስስ የገበር ጨርቅ ስሩ። የውጩ ቁራጭ መታጠፊያውን ዞሮ ስለሚሄድ ከውስጡ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይርዘም።

ጎማው ልብስ ያጠቁራል

በሳሙናና በብሩሽ ደጋግማችሁ እጠቡት። ሲደርቅ ነጭ ጨርቅ እሹበት፤ ጥቁር እስካወጣ ድረስ ለገበያ አታውጡት። ልብስ የሚነካውን ጎን በጂንስ ብትሸፍኑት ደግሞ ነጭ ነጠላ የለበሰች ደንበኛ አትመልሰውም።