በክረምት ብቻችሁን ከድሬ እስከ ባቢሌ፦ እየሮጡ ወፍ ማየት እንዴት ይቻላል

ሩጫና ወፍ ማየት የተግባቡ ይመስላሉ። ሁለቱም ማለዳ ይወዳሉ፣ ሁለቱም ከከተማ ጫጫታ ወጣ ማለት ይፈልጋሉ። ጣጣውም እሱ ነው፤ የሚሻሙት ያቺኑ ማለዳ ነው። ወፎች ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሽር ጉድ ይላሉ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ድሬ ላይ ደግሞ ከ3 ሰዓት በኋላ መሮጥ ራስን መቅጣት ነው። ብቻችሁን ስትሄዱ ግን ይህን ሽሚያ የምትዳኙት እናንተው ናችሁ። "ቁርስ ሳንበላ?" የሚል የለም፣ "ለአንዲት ወፍ ነው መኪና ያቆምከው?" የሚል የለም።

መንገዱ ቀላል ነው። ከድሬዳዋ ተነስታችሁ የደንገጎን ዳገት ትወጣላችሁ፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጋችሁ ሐረር ትገባላችሁ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ባቢሌ። ድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሐረር ባቢሌ ደግሞ ከ30 ብዙም አይርቅም። አጭር ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ 2,000 ሜትር ላይ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ቆላ ትወርዳላችሁ። በአጭር መንገድ ይህን ያህል የተለያየ ወፍ የሚገኘውም ለዚሁ ነው። ሶስት ቀን ያዙለት።

"ወፍ በክረምት አይታይም" የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት መንገደኞች መግባት የሚጀምሩት በመስከረም አካባቢ ነው። የአገሬው ወፎች ግን ጎጆ የሚሠሩትና የሚደምቁት ዝናብ ሲመጣ ነው። እኔ ክረምቱን እመርጣለሁ፤ ሣሩም አረንጓዴ ነው፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው።

ከመነሳት በፊት

መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ። የት እንደምታድሩ ለአንድ ሰው ንገሩና ማታ ማታ ደውሉለት። መታወቂያ ያዙ፣ ኬላ ላይ ይጠየቃል። ጎማና ፍሬን ይታይ፤ ለዚህ መንገድ ትልቅ መኪና አያስፈልግም፣ ቪትዝ ይበቃል። ሁለት ጫማ ያዙ፣ አንዱ ጭቃ የሚቆነጥጥ ይሁን። ውሃ፣ ኦ አር ኤስ፣ ኮፍያ። ስልካችሁ ላይ ሜርሊን የሚባለውን፣ ወፍ የሚለይ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አፕ ጫኑ። ነፃ ነው፤ የኢትዮጵያን የወፍ ዝርዝር ዋይፋይ ባለበት ካወረዳችሁት ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ደንገጎ ጉም ውስጥ ሆናችሁ ከኔትወርክ ጋር ከምትጣሉ ይሻላል።

ባይኖኩላሩ

ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ባይኖኩላር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፣ ለምሳሌ 8 በ42። የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። ሻጩ ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ያወድሳል፤ አትስሙት። 10 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የእጃችሁንም ንቅናቄ 10 እጥፍ ያደርገዋል። ሮጦ ለቆመ ሰው 8 ከበቂ በላይ ነው። 8 በ42 ጥሩ ብርሃን ይሰጣል፣ ግን ከግማሽ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ደረት ሲደልቅ ሩጫ የሚባል ነገር አይኖርም። አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛዬ እንደዚያ አድርጎ ሲሮጥ ውሎ ማታ ደረቱ ላይ የተገኘውን ብልዝ ብታዩ! ትልቁ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። ለሩጫ 8 በ25 የሚባለው ትንሹ ይበቃል። ማንገቻውን አሳጥሩና በሰፊ ላስቲክ ከደረት ጋር አጣብቁት።

ቀጥሎ ያለው ችግር ትንፋሽ ነው። ሮጣችሁ ድንገት ስትቆሙ ልባችሁ ስለሚመታ ምስሉ ይዘላል፣ ፊታችሁ ስለጋለ መስታወቱ ጉም ይለብሳል፣ ላባችሁ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል፣ ወፏ በዚህ መሃል ትሄዳለች። መፍትሔው ሄዳችሁ ስትመለሱ ሥራውን መከፋፈል ነው። ሲኬድ ሶምሶማ፣ ሲመለስ እርምጃ። በሩጫው ጊዜ የምትሠሩት በጆሮ ብቻ ነው፤ "ትልቁ ግራር ላይ ጫጫታ አለ፣ ከድልድዩ በኋላ አንድ የሚያፏጭ አለ" እያላችሁ በልባችሁ ትይዛላችሁ። ስትመለሱ እነዚያ ቦታዎች ላይ ትቆማላችሁ። ትንፋሻችሁ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ብቻ እስኪበቃችሁ ድረስ ባይኖኩላሩን አታንሱ። ከዚያ ዛፍ ተደገፉ፣ ወይም ቁጭ ብላችሁ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ። ዓይናችሁን ከወፏ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ታች ባይኖኩላሩን ያያል፣ ቀና ሲል ቅርንጫፉ ባዶ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ወፍ አልፏት ከሚሮጥ ሰው ይልቅ ድንገት ቆሞ ከሚያፈጥባት ሰው ትሸሻለች፤ እኔ ያየሁት እንዲህ ነው። ስለዚህ እለፏት። ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ።

ባይኖኩላር በየቦታው አይነሳም። ኤርፖርት፣ ካምፕ፣ ኬላ፣ ትልቅ ድልድይ አጠገብ ከቦርሳ አይውጣ። ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጦ ኬላ መድረስ ለረጅም ወሬ ይዳርጋል።

ቀን አንድ፦ ድሬ

ከለሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ጥላ ያላቸው ቀጥ ያሉ መንገዶች አሉት፣ በዚያ ሰዓት ባጃጅም ገና አልበዛም፣ ለሶምሶማ ከዚያ የተሻለ ቦታ ድሬ ውስጥ የለም። ደቻቱ በሚባለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ግን አትሩጡ። አውቃለሁ፣ አሸዋው ደረቅ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ለጉልበት ይመቻል። በክረምት ግን ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። የድሬ ልጅ ይህን አይረሳም፣ እንግዳም ሊያውቀው ይገባል። ከድልድዩ ላይ ሆናችሁ ወፎቹን ማየት ትችላላችሁ።

ከሩጫው በኋላ ግራር ፈልጉ። ሽመና የሚችሉትን ቢጫ ወፎች ታገኛላችሁ። ወንዱ ረጅም የሣር ቅጠል ይዞ ይመጣል፣ በእግሩ ቅርንጫፉን ይዞ በምንቃሩ ይጎነጉናል፣ ያስገባል፣ ያወጣል፣ ይጎትታል። ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን ያርገበግባል፤ ሴቷን "ነይ እይው" ማለቱ ነው። ሴቷ ትገባለች፣ ትመረምራለች። ሣሩ ገና አረንጓዴ ካልሆነ ብዙ ጊዜ አትወደውም። የተናቀውን ጎጆ ወንዱ ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ለዚህ አፕም ትልቅ ባይኖኩላርም አያስፈልግም፣ ትዕግሥት ብቻ።

ከከተማው ዳር የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችንም ተመልከቱ። ፊቱ ቢጫ፣ ሰውነቱ ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር የሆነው ጥንብ አንሳ ድሬን ይወዳታል። ከቡልጋሪያና ከቱርክ ሳይቀር እየመጣ በጋውን እዚህ አካባቢ ያሳልፋል። በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። በክረምት ትልልቆቹ መንገደኞች ወደ ሰሜን ሄደዋል፤ ቡናማ ሆኖ የምታዩት ብዙውን ጊዜ ገና ያልጎለመሰው ነው፣ ሌላ ዓይነት ወፍ መስሏችሁ አትሳቱ።

ፉልና ፈጢራ በሉ፣ ከ4 ሰዓት በፊት ደንገጎን ጀምሩ። ከሰዓት በኋላ ጉምና ዝናብ ይመጣል። ስትወርዱ ደግሞ በከባድ ማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ አትውረዱ።

ሐረማያ

እዚህ ከፍታው እግራችሁን ይይዘዋል። በድሬ የለመዳችሁትን ፍጥነት እርሱት፣ ሰዓት አትዩ፣ በትንፋሽ ሩጡ። እያወራችሁ መሮጥ ከቻላችሁ ልክ ነው። የምታወሩት ሰው ከሌለ ዝፈኑ፤ ማን ያያችኋል?

በእርግጥ ያዩአችኋል። አካባቢው የጫት አገር ነው፣ ጫት ደግሞ ይጠበቃል። ገና ሳይነጋ በጫት ማሳ መሃል የሚሮጥ ሰው ለጠባቂው ሯጭ አይመስልም፣ ሌባ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ይንጋ፣ ደማቅ ልብስ ልበሱ፣ ከማሳ ውስጥ ወጥታችሁ በሰው መንገድ ሩጡ፣ ያገኛችሁትን ሰው ሰላም በሉ። "አካም ቡልተን" የምትለዋ ሰላምታ ስንት በር ትከፍታለች! ሰውየው "ምንድነው የምታየው?" ካለ ባይኖኩላሩን ስጡት። አንዴ ራሱ ካየ በኋላ ወፍ ያለበትን ቦታ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ውሻ ከመጣ መሮጥ አቁሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሳችሁ ምሰሉ፣ አብዛኛው ይመለሳል።

ዋናው አስፋልት ላይ ግን ፈጽሞ አትሩጡ። ጫት ትኩስ እያለ መድረስ አለበት፤ ወደ ጫት ገበያዋ አወዳይና ከአወዳይ የሚበሩት መኪኖች ለሯጭ ፍሬን የሚይዙ አይደሉም።

ሐይቁን በተመለከተ ካርታ አትመኑ። ሐረማያ ሐይቅ በ1996 ዓ.ም ገደማ ደርቆ ነበር። ውሃው ለከተማ መጠጥና ለመስኖ ሲሳብ፣ ደለሉም ከኮረብታው እየታጠበ ሲሞላው ኖሮ፣ በመጨረሻ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሷል፣ ወፎቹም አብረው። ነገር ግን ዳርቻው በየዝናቡ ይለዋወጣል፣ ሜዳ የመሰላችሁ ጭቃ ጉልበት ድረስ ሊውጥ ይችላል። እረኞቹን ጠይቁ፣ ከብት በሚሄድበት ሂዱ። ይብራውን፣ ዳክዬውን፣ ረጃጅም እግር ያላቸውን የውሃ ዳር ወፎች ከደረቁ ላይ ሆናችሁ ማየት ይቻላል። ትልቁ ባይኖኩላር ከመኪና የሚወጣው አሁን ነው።

ቀን ሁለት፦ ሐረር

የጀጎል ግንብ ዙሪያው ሶስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከዚህ የተሻለ ትራክ የት ይገኛል! ዙሪያውን ሁለቴ መሮጥ ለማለዳ በቂ ነው። ብቻ ሳይነጋ አትውጡ። ጅቦቹ ለሰው የለመዱ ናቸው ቢባልም የሌሊቱን ፈረቃቸውን ይጨርሱ፣ ከዚያ የእናንተ ተራ ነው። ከግንቡ ውስጥ መሮጥ አይመችም። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ድንጋዩ በክረምት ያንሸራትታል፣ ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ በእርምጃ።

ረፋድ ላይ ግድር መጋላ ሥጋ ተራ ሂዱ። ጭልፊቶቹ ጣሪያው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሰው የግመል ሥጋ ቁራጭ ወደ ላይ ሲያነሳ ከኋላ መጥተው ነጥቀው ይሄዳሉ፣ ክንፋቸው ጆሮን ይነካል። እዚህ ባይኖኩላር አያስፈልግም። ጅራታቸውን እዩ። መሃሉ የተሰነጠቀ ነው፣ ሲታጠፉ እንደ መሪ ወደ ግራና ቀኝ ይጠመዝዙታል፤ ሌላው ሰውነት ሳይነቃነቅ ጅራቱ ብቻ። ሳምቡሳ ይዛችሁ አትቁሙ፣ የእናንተ ሳምቡሳ መሆኑን አይጠይቁም። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሥጋ ሻጮቹን አስፈቅዱ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከመጣ ሐረር ቡና አለ።

ቀን ሶስት፦ ባቢሌ

እዚህ ሩጫውን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ከባቢሌ ከተማ አጠገብ፣ ሰው ባለበት መንገድ ላይ። ወደ ዝሆን መጠለያው ክልል ገብቶ ለብቻ መሮጥ ጀግንነት አይደለም። ዝሆን አለ፣ አንበሳም አለ። እዚያ መግባት የፈለገ ፈቃድና ስካውት ይዞ በመኪና ይግባ።

እኔ የምመክረው ከባቢሌ አለፍ ብሎ፣ ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የደከታ ሸለቆ ነው። አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ ቆሞ ሊወድቅ ነው የሚያሰኝበት ቦታ። መኪናችሁን ከመንገድ አውጥታችሁ አቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ዝም በሉ። ወፍ ሰውን ይፈራል፣ መኪናን ብዙም አይፈራም። ሆዱ ብርቱካንማ፣ ጀርባው የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ የሆነ ወፍ ከጎማችሁ ሥር ይለቅማል። ጅግራ በመንጋ ያልፋል። ምንቃሩ ትልቅና ቆልመም ያለ ወፍ አንድ የዛፍ ሽንቁር ጋ ደጋግሞ ሲመላለስ ካያችሁ አትቅረቡ። ሴቷ ውስጥ ናት፣ በሩን በጭቃ ደፍና እንቁላል ታቅፋለች፣ እሱ በቀረችው ቀዳዳ ምግብ ያቀብላታል። እሱን ማባረር እሷን ማስራብ ነው።

ከቀኑ 7 ሰዓት ሳያልፍ ተመለሱ፣ ኦቾሎኒውን ከባቢሌ ገዝታችሁ። ድሬ የምትገቡ ከሆነ ደንገጎን በብርሃን ጨርሱ።

ማታ ባይኖኩላሩን ስታጸዱ መጀመሪያ አቧራውን በትንፋሽ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ ከዚያ ነው በጨርቅ የሚወለወለው። የባቢሌ አሸዋ ካለበት ቀጥታ በቲሸርት ከጠረጋችሁት መስታወቱን ትጭሩታላችሁ፣ ጭረት ደግሞ አይጠገንም።