የጂዩ-ጂትሱ ማስታወሻችሁ የማይሠራው ለምንድን ነው? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ብራዚሊያን ጂዩ-ጂትሱ ጀምራችሁ ከስልጠና በኋላ ደብተር ላይ የምትጽፉ ከሆነ ይሄ ለእናንተ ነው። ደብተር ግዙ፣ ቀን ጻፉበት የሚለውን ዘልዬዋለሁ። ጋርድ፣ ማውንት፣ ሳይድ ኮንትሮል ምን እንደሆኑም አላብራራም። አብረውኝ የሚሠለጥኑ ጀማሪዎች "እስቲ እየው፣ ምን ጎድሎት ነው?" እያሉ ደብተራቸውን ይሰጡኛል፤ የብዙዎቹን አገላብጬ አይቻለሁ። ብልሽቱ ከሰው ሰው ብዙም አይለይም። አንዱ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይበዛል። እሱ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ አልፋቸዋለሁ።

ምልክት፦ ደብተሩ እየሞላ ነው፣ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም

ገጹን ስገልጠው "ዛሬ ከክሎዝድ ጋርድ አርምባር ተማርን" ይላል (ክሎዝድ ጋርድ ከታች ሆኖ ተጋጣሚን በእግር ወገቡ ላይ መቆለፍ፣ አርምባር ክንድን ዘርግቶ ክርን ላይ መጫን ነው)። ከሥሩ በቁጥር የተደረደሩ እርምጃዎች አሉ። እጅጌውን ያዝ፣ እግርህን ዳሌው ላይ አድርግ፣ ማዕዘን ቀይር፣ ሌላኛውን እግር በፊቱ በኩል አሳልፍ። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ አንዳንዱማ ሥዕል ሁሉ አለው። ቀጣዩ ገጽ ላይ ሌላ ቴክኒክ፣ ከዚያም ሌላ፣ እንዲህ እያለ ለወራት ይቀጥላል። "እሺ፣ ስፓሪንግ ላይ ብዙ ጊዜ የምትያዘው የት ነው?" ብዬ ባለቤቱን ስጠይቀው ግን መልስ የለውም። ደብተሩም መልስ የለውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተጻፈው አሰልጣኙ ያሳየው እንጂ የባለቤቱ ጨዋታ አይደለም። አርምባር እንዴት እንደሚሠራ በጥሩ ማዕዘን የተቀረጸ ቪዲዮ ሞልቷል፤ ለእሱ ብላችሁ መድከም የለባችሁም። ያ ረጅሙ ልጅ ዛሬ ጋርዳችሁን በየትኛው በኩል እንዳለፈው፣ እጃችሁ ያን ጊዜ የት እንደነበር የሚያሳይ ቪዲዮ ግን የለም። ይሄን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ፣ እሱንም ለጥቂት ሰዓት ነው።

መፍትሄው፦ ከእያንዳንዱ ስልጠና አንድ የተጣበቃችሁበትን ቦታ ምረጡ። አንድ ብቻ። ከዚያ ወደ ኋላ ተከተሉት።

ወደ ኋላ መከተል ስል ይሄን ነው። "በአርምባር ታፕ አደረግኩ" (መታ መታ አድርጌ እጅ ሰጠሁ) ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ቀጥሎ የምትፈልጉት የአርምባር ማምለጫ ነው። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ አይደለም። ክንዴ ተዘርግቶ ነበር። ለምን ተዘረጋ? ማውንት ሥር ሆኜ ደረቱን ልገፋው ስል። ማውንት ሥር እንዴት ገባሁ? ሳይድ ኮንትሮል ላይ እያለ ጉልበቱን በሆዴ ላይ አሻግሮ ወጣ። እንዴት በቀላሉ አሻገረ? ሁለቱም እጆቼ አንገቱን አቅፈው ስለነበር ዳሌው ጋ የሚከለክለው ነገር አልነበረም። በቃ፣ ሥሩ ተገኘ። ለሚቀጥለው ስልጠና የሚያዘው ጥያቄ "ከአርምባር እንዴት አመልጣለሁ?" ሳይሆን "ሳይድ ኮንትሮል ሥር ስሆን እጆቼ የት ይሁኑ?" ነው። አንዱ ክንድ አንገቱ ጋ፣ ሌላው ዳሌው ጋ ፍሬም (በክንድ የሚሠራ መከላከያ) ሠርቶ፣ ዳሌን አሽሽቶ ጉልበትን መሃል ማስገባት። ይሄ አንድ ነገር ሲስተካከል ማውንቱም አርምባሩም እየቀነሱ ይሄዳሉ።

አንዲት የልምምድ ጓደኛዬ ደብተሯ ላይ ከገጽ ገጽ "ትራያንግል" (አንገትንና አንድ ክንድን በእግር ቆልፎ ማነቅ) የሚል ነበር። ተያዘች፣ ታፕ አደረገች፣ ቤቷ ገብታ የትራያንግል ማምለጫ አየች፣ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ተያዘች። ማምለጫውን በደንብ ታውቀዋለች፤ ችግሩ፣ እግሮቹ አንዴ ከተቆለፉ ከእሷ በጣም ከሚበልጥ ሰው ላይ ማምለጫው ይዘገያል። አብረን ቁጭ ብለን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድን። ከዚያ በፊት የት ነበርሽ? ክሎዝድ ጋርድ ውስጥ። ምን ለማድረግ ስትሞክሪ? ቁርጭምጭሚቱን ለመክፈት አንድ እጄን ወደ ኋላ ስሰድ። ሌላው እጅ ደግሞ ደረቱ ላይ ቀርቷል። አንድ እጅ ውስጥ፣ አንድ እጅ ውጭ፤ ትራያንግል የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ደብተሯ ላይ "ሁለቱም እጅ ውስጥ ወይም ሁለቱም ውጭ፣ መጀመሪያ ቀጥ ማለት" ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ትራያንግል የሚለው ቃል ከገጾቿ እየጠፋ ሄደ። የትራያንግል ማምለጫዋ አልተሻሻለም፤ ወደዚያ መግባት ነው ያቆመችው።

ሌላው ደግሞ ጠንካራ ልጅ ነው፣ ጉልበት የሚባል ነገር አላጠረውም። በየገጹ "ደከመኝ" ይላል። ብቃት ይጎድለኛል ብሎ ሩጫ ጨመረ፣ ደብተሩ ግን ያው "ደከመኝ"። "ደከመኝ"ም እንደ "ታፕ አደረግኩ" የመጨረሻውን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። መቼ እንደጀመረው ጻፍ አልኩት፤ ራውንዱ መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ መጨረሻ፣ ምን እየሠራህ ሳለ? ሁለት ሦስት ስልጠና ጽፎ ሲያመጣው በየራውንዱ መጀመሪያ ጊሎቲን (አንገትን ከፊት በክንድ ማነቅ) ይይዛል፣ ተጋጣሚው ወደ ጎን አልፎ ሳይድ ኮንትሮል ከደረሰም በኋላ አይለቅም፣ ትንፋሹን ይዞ ይጨምቃል። ክንዱ ያኔ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ራውንድ በሙሉ በባዶ ክንድ የሚደረግ ትግል ነው። በነገራችን ላይ ሳይድ ኮንትሮል ከተደረሰባችሁ በኋላ ጊሎቲን የሙጥኝ ማለት ራሳችሁን ለቮን ፍሉ ቾክ (ተጋጣሚው ትከሻውን አንገታችሁ ላይ ጭኖ የሚያንቅበት) መስጠት ነው። ልቀቁት!

እንግዲህ ጽሑፉ ምን ይመስላል? ሦስት ነገር ይበቃዋል። የት ነበርኩ፣ ከዚያ በፊት ምን ሆነ፣ ቀጥሎ ምን እሞክራለሁ። እንዲህ (ሃፍ ጋርድ የተጋጣሚን አንድ እግር በሁለት እግር መያዝ፣ አንደርሁክ ክንድን በብብቱ ሥር ማስገባት፣ ክሮስፌስ በክንድ ፊትን ገፍቶ ማዞር ነው)፦

"ሃፍ ጋርድ፣ ከታች፣ በቀኝ በኩል። አንደርሁክ ሳላገኝ በጀርባዬ ተንጋለልኩ፣ ክሮስፌስ አድርጎ ፊቴን አዞረው፣ አለፈ። ቀጣይ፦ ክብደቱ ሳያርፍብኝ በጎኔ መሆን።"

በቃ። ከዚህ የበለጠ ከጻፋችሁ ለመጻፍ ፍቅር ነው እንጂ ለጂዩ-ጂትሱው አይደለም።

ግማሹ ሥራ ግን ገና ነው። ብዙዎች እዚህም ይሰናከላሉ፤ በደንብ ይጽፋሉ፣ መልሰው አይከፍቱትም። "ቀጣይ" የሚለው መስመር ከሚቀጥለው ስልጠና በፊት ካልተነበበ ባይጻፍም ያው ነበር። ጊ (የስልጠና ልብሱን) ከመልበሳችሁ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ክፈቱ፣ አንዷን መስመር አንብቡ፣ ዝጉት። ስፓሪንግ ላይ የሚያምናችሁን ሰው "ከሃፍ ጋርድ እንጀምር፣ እኔ ከታች" በሉት። ቦታውን ካላመጣችሁት በራሱ ጊዜ እስኪመጣ ራውንዱ ያልቃል። አንዱን ጥያቄ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ያዙት። በየቀኑ አዲስ ጥያቄ የሚጽፍ ሰው በየቀኑ አዲስ ቴክኒክ ከሚገለብጠው ሰው አይሻልም።

ማስጠንቀቂያ፦ አሰልጣኙ እያስተማረ ሳለ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ አትግቡበት። ስልጠናው ሲያልቅ ጠይቁት። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የልምምድ ጓደኛችሁን "ደብተሬ ላይ ጽፌሃለሁ" እያላችሁ አታሸማቅቁት።

ምልክት፦ ሁለት ሳምንት ተጽፎ ቆመ

ብዙ መጻፍ ነው ምክንያቱ። በተለይ እነዚያ ተዘጋጅተው የሚሸጡ የስልጠና ደብተሮች ያናድዱኛል። ለስሜት አምስት ኮከብ፣ ለምግብ ሣጥን፣ ለእንቅልፍ ሣጥን፣ ለዓላማ ሣጥን፣ ለዕለቱ ጥቅስ ሳይቀር ቦታ አላቸው፤ ስፓሪንግ ላይ ለሆነው ነገር የተተወው ቦታ ግን ሁለት መስመር ነው። ሰው ከስልጠና ደክሞ ወጥቶ ያን ሁሉ ሣጥን አይሞላም። አንድ ቀን ያልፈዋል፣ ባዶውን ገጽ ሲያይ ደስ አይለውም፣ ከዚያ ይተወዋል። መስመር ያለው ተራ ደብተር ውሰዱ። የዘለላችሁትን ቀን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አትሙሉት፣ ካላችሁበት ቀጥሉ።

ምልክት፦ ለመጻፍ ስቀመጥ ምንም አላስታውስም

በማግስቱ ስለምትጽፉ ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የመርሳት ጥናቱ ያሳየው፣ የምንረሳው አብዛኛው ነገር የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነ ነው። እሱ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ሸምድዶ ነው የለካው፤ አምስት ራውንድ ተከታትለው ሲመጡ እርስ በርስ መደባለቃቸው ደግሞ ይጨመርበታል። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ስልካችሁ ላይ ሦስት ቃል ጻፉ፦ "ሃፍ፣ ክሮስፌስ፣ ቀኝ"። ወይም ድምፃችሁን ቅዱ። ማታ ከዚያ ተነስታችሁ ዘርዝሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀድማችሁ የስልጠናውን ቪዲዮ አትዩ፣ ጓደኛንም አትጠይቁ። መጀመሪያ ከራሳችሁ አእምሮ አውጡት፣ ቢጎድልም ይጉደል። ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ያነበቡትን ራሳቸው ለማስታወስ የሞከሩ ተማሪዎች ደግመው ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። ሙከራው የንባብ ነበር፤ ደብተር ላይ ግን እኔም ያየሁት ይሄንኑ ነው። ከቪዲዮ የሚገለብጥ ሰው ገጹ ሙሉ ነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ግን አይቀመጥም።

ምልክት፦ ከጠንካራ ሰዎች መሸሽ ጀመርኩ

ደብተሩን ክፈቱና እዩት፤ "3 አሸነፍኩ፣ 5 ተሸነፍኩ" ይላል። ምክንያቱ ይሄው ነው። ታፕ የምትቆጥሩ ከሆነ ቁጥሩን ለማሳመር ደካማ ሰው መምረጥ ትጀምራላችሁ፣ አዲስ ነገር መሞከርም ትፈራላችሁ፣ ይባስ ብሎ መታፕ ሲገባችሁ ትዘገያላችሁ። መዘግየቱ ደግሞ ክንድ ያሰብራል። ቁጥሩን ዛሬውኑ አቁሙት።

መቁጠር ካልቀረ የሞከራችሁትን ቁጠሩ። "ስዊፑን አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ አንዴ ገባ" የሚለው (ስዊፕ ከታች ሆኖ ተጋጣሚን ገልብጦ ላይ መውጣት ነው) ነገር ይነግራችኋል። ገባ ለማለት የውድድሩን መለኪያ ተዋሱት፤ በአይቢጄጄኤፍ (ዓለም አቀፉ የብራዚሊያን ጂዩ-ጂትሱ ፌዴሬሽን) ሕግ ስዊፕ 2 ነጥብ፣ ጋርድ ማለፍ 3፣ ማውንት 4 የሚያሰጠው ቦታው ለ3 ሰከንድ ሲያዝ ነው። ሦስት ሰከንድ ካልያዛችሁት አልገባም፣ ሙከራ ብላችሁ ጻፉት።

ምልክት፦ የቆየ ገጽ ሳነብ አይገባኝም

"ያን ነገር ሞክሬ በዚያኛው በኩል ወጣሁ።" የቱን? በየት በኩል? ለአንድ ቦታ አንድ ስም ያዙ፣ አሰልጣኛችሁ የሚጠራውን። ከላይ ወይስ ከታች፣ ግራ ወይስ ቀኝ፣ ሁልጊዜ ጻፉ። በጊ ወይስ ያለ ጊ የሚለውንም አትርሱ፤ ኮሌታ ተይዞ የሠራ ነገር ያለ ጊ ላይሠራ ይችላል።

ምልክት፦ ጉዳቱ መቼ እንደጀመረ አላውቅም

ይሄን የማይጽፍ ሰው በጣም ያሳስበኛል። ቴክኒኩን በዝርዝር ጽፎ አንገቱ ለሁለት ሳምንት እንደሚያመው አንድ ቃል የለውም። ከዚያ ሐኪሙ "መቼ ጀመረህ?" ሲለው ይገምታል። የሰውነት ክፍሉን፣ የትኛው ጎን እንደሆነ፣ ምን ሲደረግ እንደጀመረ ጻፉ። ጣት፣ ጉልበት፣ አንገት፣ ያበጠ ጆሮ፣ ሁሉንም። ቆዳ ላይ ክብ ሽፍታ ካያችሁ ቀኑን ጻፉና ታይታችሁ ታክማችሁ እስክትድኑ ምንጣፍ ላይ አትውጡ፤ ጭርት ከአንድ ሰው ወደ ሙሉው ክፍል ይዛመታል። ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁና ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም መደናገር ከመጣ የዕለቱ ስልጠና አልቋል፣ "አንድ ራውንድ ልሞክር" የሚባል ነገር የለም። በቾክ ራሳችሁን ከሳታችሁም ለአሰልጣኙ ተናገሩ፣ ጻፉትም። አትደብቁት!

ድካም እየተጠራቀመ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ሒሳብ አለ። ስልጠናው ምን ያህል እንደከበዳችሁ ከ1 እስከ 10 ስጡትና በደቂቃው አባዙት። 60 ደቂቃ በ7 ሲባዛ 420 ነው። የሳምንቱን ድምር ካለፉት ሳምንታት ጋር አስተያዩት። በአንድ ጊዜ ከዘለለ፣ ሰውነታችሁም እያመማችሁ ከሆነ፣ አንድ ቀን እረፉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ከፈተና ወይም ከቀበቶ አሰጣጥ በፊት ብቻ መጻፍ፦ አይጠቅምም፣ ተዉት።

ሌላ ሰው ደብተሩን አንብቦ መቀየም፦ የሰው ስም አትጻፉ፣ "ረጅሙ"፣ "ግራኙ" ይበቃል።

የስልክ መተግበሪያው ጠፍቶ ማስታወሻው አብሮ መጥፋቱ፦ በየወሩ ሌላ ቦታ ቅጂ አስቀምጡ።

ደብተሩ ከረጠበ ጊ ጋር ተጣብቆ ቀለሙ መልቀቁ፦ በፕላስቲክ ከረጢት ለብቻው ያዙት፣ በእርሳስ ጻፉ።