ጅማ ላይ በኪራይ ቤት ተጎድታችሁ ካሳ ስትጠይቁ እነዚህን አትሳሳቱ

የምርቃት ሰሞን ጅማ ላይ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። እኛም ለእህቴ ልጅ ምርቃት በቀን የሚከራይ ቤት ያዝን። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ደረጃውን ስወርድ የብረት መደገፊያውን ያዝኩ፤ ብረቱ አብሮኝ መጣ። ግራ እጄ ተሰበረ።

የመጀመሪያው ስህተቴ «ምንም አልሆንኩም» ማለቴ ነው። አከራይዋ ስትደነግጥ ይሉኝታ ያዘኝ። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሸሁ። ሆስፒታል የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ካርዴ ላይ የተጻፈው «ወድቃ የመጣች» ብቻ ነው። የት? በምን? የለም። እናንተ ለሐኪሙ «የደረጃው መደገፊያ ተነቅሎ ነው» በሉት፤ ሲጽፍም እዩት። የራጅና የመድኃኒት ደረሰኝ አትጣሉ። ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ቀኑንና ብሩን ማስታወሻ ላይ አስፍሩ።

ፎቶ አለማንሳትም አለ። እኔ ወጌሻ ቤት ስጮህ በያጅ ተጠርቶ መደገፊያው ተበየደ፣ ቀለምም ተቀባ። አብሯችሁ ያለ ሰው የዛገውን ጫፍና የተነቀለበትን ቀዳዳ ወዲያው ያንሳ። ያዩ ሰዎችን ስልክ ያዙ።

ብዙ ሰው ደግሞ ቁልፍ የሰጠውን ደላላ ይከሳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ የሚያደርገው ባለቤቱን ነው፤ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ። «መዛጉን አላውቅም ነበር» አያድነውም። ብረቱ ላይ ተንጠላጥላችሁ ስትጫወቱ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ የራስ ጥፋት ካሳውን ይቀንሳል፣ ሊያስቀረውም ይችላል።

«ሞራሌ ተነክቷል» ብሎ መቶ ሺህ መጠየቅም ትርፉ ድካም ነው። ሕጉ የሕሊና ጉዳት ካሳን ከ1,000 ብር አያሳልፍም። የዚያን ዘመን ብር መሆኑ ነው! የዳኝነት ክፍያውም በጠየቃችሁት ገንዘብ ልክ ይታሰባል። ይልቅ የሕክምና ወጪያችሁንና የቀረባችሁን ገቢ አስሉ።

ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። «እንነጋገራለን» እያለ የሚያመላልሳችሁ ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም።

አቤቱታውን በአማርኛ አጽፋችሁ አትሂዱ፤ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ለጠበቃ አቅም ከሌላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

የእኔን ጉዳይ የቀበረው ግን ፊርማዬ ነው። ሽማግሌ መቀመጡን አልጠላም። ጀሶው ሳይወልቅ መፈረም ግን ሞኝነት ነው። የእርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። እኔ የራጁን ወጪ ተቀብዬ፣ ቡናውን ጠጥቼ፣ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ጀሶው ሲወልቅ ሁለት ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። ጠበቃ ዘንድ ስሄድ ካርዴን እንኳ ሳያይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ፈርመሻል ወይ?»