ወሎ ውስጥ መኪና የማይበዛበት፣ ዳገት የማያደክምበት የሳይክል መንገድ እንዴት ይመረጣል?

ወሎ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ገደልና ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ የወጣ ሰው፣ እዚያ ላይ ሳይክል መንዳትን ማሰብም አይፈልግም። አይፈረድበትም። ግን ወሎ ሜዳም አለው፤ ያውም ዓይን የማይጨርሰው ሜዳ። ሜዳው የሚገኘው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ታች ሸለቆው ወለል ላይ፣ ሌላው ላይ ደጋው አናት ላይ። ጉልበት የሚጨርሰው ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ነው።

ስለዚህ ዘዴው ይህ ነው፦ አንዱን ምረጡ፣ እዚያው ንዱ፣ በዚያው ተመለሱ። ዳገቱን መኪና ያውጣችሁ። ሳይክሉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ሜዳው ድረስ መሄድ ምንም ነውር የለውም።

ከሁሉ በፊት ግን የሰላሙን ነገር አጣሩ። የአንድ ወረዳ ሁኔታ በሳምንት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሉ። «ሰላም ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «ዛሬ ጠዋት ሚኒባስ ሄዷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሚኒባስ መሄድ ያቆመበት መንገድ ለሳይክልም አይሆንም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ባለፈባቸው ቦታዎች ደግሞ ከመንገድ ወጥታችሁ አሮጌ ምሽግና ጥሻ ውስጥ አትግቡ። የማታውቁትን ብረት አትንኩ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት።

ሜዳውን ምረጡ

ለጀማሪ የምመክረው ጨፋን ነው። ከሐርቡ ወደ ከሚሴ የሚዘልቀው ይህ ሸለቆ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ቦርከና ወንዝ ያቋርጠዋል። ረግረጉ በበጋም ሳርና ውሃ ስለማያጣ የአፋር አርብቶ አደሮች ሳይቀሩ ከብትና ግመላቸውን እየነዱ ይመጡበታል። ይህን ለማየት ብቻ እንኳ መሄድ ያስመኛል። ዋናው የአዲስ አበባ መንገድም በዚሁ በኩል ያልፋል። እሱን ተዉት፤ የሲኖትራክና የአይሱዙ መንገድ ነው። የምትፈልጉት ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በማሽላው መሃል የሚገባውን ጠጠር መንገድ ነው።

ቆቦም እንዲሁ ነው። ሜዳው ሰፊ፣ ማሽላው የታወቀ፣ ፀሐዩ ግን ከባድ ነው። እዚያ የሚነዳው በማለዳ ነው።

ከላይኛው ሜዳ ለደሴ ሰው የሚቀርበው ቦሩ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት ቦታ ነው። ያን ሁሉ ሰው ያስተናገደ ሜዳ ለሳይክል አይጠብም። ራቅ ካላችሁ ደግሞ ደላንታ አለ፣ የወገል ጤና አካባቢ። አናቱ ላይ ምስርና ስንዴ የሚዘራበት ዝርግ መሬት ነው። ዳርና ዳሩ ግን ገደል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲወስዱ ከጂዳ ገደል ወጥተው በደላንታ ካለፉ በኋላ እንደገና ወደ በሽሎ መውረድ ነበረባቸው። ሠራዊቱን ያን ያህል ያደከመው ሜዳው አልነበረም፤ ሁለቱ ገደሎች ናቸው። እናንተም ወገል ጤና ድረስ በመኪና ሂዱና ሜዳውን ብቻ ንዱ።

ሐይቅ ከተማ ደግሞ በታችኛውና በላይኛው ሜዳ መሃል ላይ ያለ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከከተማው ወደ ውሃው ዳር የሚወርደው መንገድ አጭርና ደስ የሚል ስለሆነ ከልጆች ጋር ለሚወጣ ሰው ይመቻል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ይህን አስቀድማችሁ ዕወቁ።

ዳገቱን ከቤት አስሉ

ከፍታ የሚያሳይ ካርታ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቢሆን ይሻላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ 100 ሜትር ከወጣችሁ 1 በመቶ ነው። 200 ሜትር ከሆነ 2 በመቶ። እስከ 2 በመቶ ድረስ ጀማሪም እያወራ ይነዳዋል። 5 በመቶ ሲደርስ ወሬው ይቆማል።

አማካይ ቁጥር ግን ያታልላል። ኮምቦልቻና ደሴ በከፍታ የሚለያዩት ከ600 ሜትር በላይ ነው፤ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲካፈል 2.5 በመቶ አካባቢ ይመጣል፤ ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ዳገቱ ግን ሐረጎ ላይ ተከማችቷል። ስለዚህ መንገዱን በሁለት በሁለት ኪሎ ሜትር ቆራርጣችሁ አስሉት።

ካርታ ከሌለ ወንዙን ተመልከቱ። ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ወደ ከሚሴ ይፈሳል። እንግዲህ ከከሚሴ በኩል ተነስታችሁ ወደ ሐርቡ አቅጣጫ ብትነዱ በትንሹ ሽቅብ ነው። ጉልበት ሳለ ሽቅቡን ጨርሱ፤ ስትመለሱ ውሃው በሚሄድበት ትሄዳላችሁ። ሐይቅም ላይ ይሠራል። የአንከርካ ወንዝ አርዲቦ ከሚባለው ሌላ ሐይቅ ወደዚህኛው ነው የሚፈሰው። አርዲቦ ድረስ እነዳለሁ የሚል ሰው ዳገት እንደሚጠብቀው ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ጭር ያለውን መንገድ ለዩ

ለሳይክል ብቻ የተሠራ መንገድ ገጠር ውስጥ አትጠብቁ። ያለን የቀበሌ መንገድ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም፣ ብዙ ሰው ዩራፕ የሚለው፣ በርካታ ቀበሌዎችን በጠጠር መንገድ ከወረዳ ከተማቸው ጋር አገናኝቷል። ከነዚህ ውስጥ የሚሻለው ሌላ ከተማ የማያደርሰው፣ ቀበሌው ላይ የሚያልቀው ነው። አቋራጭ ያልሆነ መንገድ ላይ ጉዳይ የሌለው መኪና አይገባም።

መገንጠያው ላይ ቡና የሚያፈላ ሰው አይጠፋም፤ ወሎ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ተቀመጡና ስንት መኪና እንደታጠፈ ቁጠሩ። ሁለት ሦስት ባጃጅና አንድ ሞተር ሳይክል ብቻ ከሆነ መንገዱ የእናንተ ነው። ገልባጭ መኪና ካያችሁ ግን ጫፉ ላይ የድንጋይ ወይም የአሸዋ ማውጫ አለ ማለት ነው። ሌላ መገንጠያ ፈልጉ። ቡና የምታፈላዋንም ጠይቁ፦ «እትዬ፣ ይኼ መንገድ የት ያደርሳል? ድልድዩስ ደህና ነው?» ከካርታው የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ።

የገበያ ቀንንም ጠይቁ። ባቲ ሰኞ ነው፤ ሌላው ቦታ ቀኑ ይለያያል። በገበያ ቀን የቀበሌው መንገድ በሰው፣ በአህያና በጭነት ይሞላል። ለማየት ደስ ይላል፣ ለመንዳት አይመችም።

ወቅትና ሰዓት

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ የሚስተካከል የለም። አቧራው አልተነሳም፣ አዝመራው ቆሟል፣ አየሩ ለስላሳ ነው። ወሎ በልግም እንዳለው አትርሱ፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሊዘንብ ይችላል። ደጋው ላይ ያለው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ዝናብ ከነካው ጎማና ፍሬን መሃል ገብቶ ይጠነክራል፤ ሳይክሉን መግፋት እንኳ ያቅታል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ደላንታ ላይ ከጠጠሩ አትውጡ።

ቆላው ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስታችሁ እስከ 4 ሰዓት ጨርሱ። ደጋው ላይ ጠዋት ይበርዳል፤ 2 ሰዓት ላይ ብትነሱ ምንም አይደለም።

ሳይክሉ

ቀጭን የአስፋልት ጎማ ለዚህ አይሆንም። 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ይሁን፤ ንፋሱንም ለአስፋልት ከምትሞሉት ቀነስ አድርጉት። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ ላስቲክ ከነማስቲሹ፣ መንፊያ ያዙ። ጨፋና ቆቦ ላይ የግራር እሾህ አለ፤ ገበሬው ለአጥር ሲያጓጉዝም መንገድ ላይ ይወድቃል። ጎሚስታ የምታገኙት ከተማ ስትገቡ ብቻ ነው። ቁልቁለት ባይኖርም ሁለቱም ፍሬኖች መሥራታቸውን አረጋግጡ። ሄልሜት ይደረግ። ውሃ ቆላው ላይ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ይያዝ። ለስንቅ በሶና ቆሎ ይበቃሉ።

መንገድ ላይ

መንገዱ የከብቱና የእግረኛው ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። መንጋ ሲመጣ ወርዳችሁ ዳር ቁሙ። ጭነት ያለበትን አህያ ወይም ግመል ከኋላ በድንገት አትለፉ፤ ይደነብራል፣ የሰው እህል ይደፋል። ከሩቅ ባለቤቱን ተጣሩ፣ እሱ ይይዝላችኋል።

ውሻ ሲያባርራችሁ ለመሮጥ አትሞክሩ። ቁሙ፣ ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መሃል አድርጋችሁ በእግር ሂዱ። እረኛው ሲጠራው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ልጆች ሲሮጡ ይመጣሉ። ፍጥነት ቀንሱ፣ ኮርቻውን ይዘው እንዳይሮጡ በደንብ ንገሯቸው፤ ለነሱም ለእናንተም አደገኛ ነው። ሰላምታ አትንፈጉ። «እንደምን ዋላችሁ አባባ» ብሎ ያለፈ ሰውና ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው አቀባበል አንድ አይደለም። ቡና ጠጡ ከተባላችሁ አንዷን ስኒ ተቀበሉ። የሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

መመለሻው

ጠዋት ሳይክል ላይ ሳትወጡ የመጨረሻው ሚኒባስ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ረዳቱን ጠይቁ። ከትንንሽ ከተሞች መኪና ቶሎ ያልቃል። የሳይክሉን ጭነት ሒሳብም ያኔውኑ ተስማሙ። ስታስጭኑ የፊት ጎማውን ፍቱ፣ ሰንሰለቱ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት፣ ገመዱ ፍሬን ሽቦ ላይ እንዳያልፍ ራሳችሁ ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ እዩ። ከሥሩ ጆንያ አስነጥፉ።